ጦቢያን «የመጀመሪያው ልብ ወለድ» ብሎ ማለፍ ይብቃ! ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የታተሙትን ከየትኛው እንጀምር?

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለን ጎረቤታሞች እሁድ ከሰዓት በኋላ ኮሚናል (የጋራ መሰብሰቢያው ቤት) ውስጥ እየተሰበሰብን መጽሐፍ እናነባለን። ለመጪዎቹ ወራት ከ1900 እስከ 1925 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የታተሙ የአማርኛ መጻሕፍትን በተከታታይ እናንብብ አልን። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን አልተስማማንም። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የኔን ሐሳብ ልንገራችሁ። ይህ ዘመን በተነሣ ቁጥር የምናወራው ስለ «መጀመሪያ» ነው። የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ የመጀመሪያው ትያትር፣ የመጀመሪያው ጋዜጣ። ተማሪ ቤት እያለን ለፈተና ሸመደድናቸው። ርእሱን እናውቃለን፣ ደራሲውን እናውቃለን፣ ዓመቱን እናውቃለን። ውስጡ ያለውን ግን አናውቅም። ሰዎቹ እኮ «የመጀመሪያ» ለመባል አልጻፉም። የሚያንገበግባቸው ጉዳይ ነበራቸው። ስለ ቀረጥ ጻፉ። ስለ ጋብቻ ጻፉ። ስለ ተዝካር፣ ስለ ጉቦኛ ሹም ጻፉ። እኛም ዛሬ ታክሲ ውስጥ የምንከራከረው በዚሁ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ ከነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እንጀምር። መጽሐፉ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። ደራሲው አድዋ አካባቢ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ከምፅዋ መርከብ ተሳፍረው አውሮፓ ገቡ። ጀርመን አገር ተማሩ። ተመልሰው በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥት ሠሩ። በ1911 ዓ.ም. ሲያርፉ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ነበሩ። መጽሐፉ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ደራሲው ታትሞ አላዩትም።

መጽሐፉ የሚጠይቀው «አገር ለምን ይደኸያል?» ብሎ ነው። የሀብት ምንጭ ሥራ ነው ይላል። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ የማያውቀው ብዙ ደክሞ ጥቂት ያገኛል ይላል። ጥሬውን ሸጠን የተሠራውን ስንገዛ ሁልጊዜ ከሳሪዎቹ እኛ ነን ይላል። በየመንገዱ ያለው ኬላ ነጋዴውን ይገድለዋል፣ በዚያው ገበሬውም ይሞታል ይላል። እኔ ይህን ሳነብ የማስበው ስለ ቡናና ስለ ቆዳ ነው። አንዳንዱ ገጽ ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስለው።

ምን ትላላችሁ?

እንጦጦ ሥር

ወንድሜ፣ ጉዳዩን ማንሣትህ ደስ ብሎኛል። በቅደም ተከተሉ ግን አልስማማም። በገብረ ሕይወት ከጀመራችሁ በሁለተኛው እሁድ ኮሚናሉ ባዶ ይሆናል። መጽሐፉ ከባድ ነው። አረፍተ ነገሩ ቀላል ነው፣ ሐሳቡ ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ አንባቢ ይፈልጋል።

በጦቢያ ጀምሩ። «የመጀመሪያው» ስለሆነ አይደለም። ታሪኩ ስለሚይዝ ነው። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙት ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ጦቢያ የሚለው ስም ኋላ ነው የገነነው። አንድ ክርስቲያን የጦር አለቃ ከአረማውያን ጋር በተደረገ ጦርነት ይማረካል። ቤተሰቡ ወጆ (የምርኮኛ ማስለቀቂያ ገንዘብ) መክፈያ አጥቶ ሲጨነቅ አንድ የማያውቁት ነጋዴ ገንዘቡን አውጥቶ ይሰጣል። ልጁ ዋህድ ውለታውን ልመልስ ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ይወጣል። መንገድ ላይ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። ከዚያ አባትና እኅት እሱን ፍለጋ ይወጣሉ። እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው የምትሄደው። አንዲት ልዕልት ወንድ መስላት ትወዳታለች። መጨረሻው ደግሞ ሠርግ በሠርግ ነው።

አሁን ይህን ለልጆቻችሁ ብታነቡላቸው ይተኛሉ? አይተኙም። ያውም ገጹ ትንሽ ነው፣ መቶ እንኳ አይሞላም።

ሌላው ቋንቋው ነው። አፈወርቅ ዘጌ ያደገ ሰው ነው። ጣሊያን አገር ተቀምጦ፣ ጣሊያናዊ ተማሪዎችን አማርኛ እያስተማረ፣ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ የጎጃም አማርኛ ይጽፋል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው የሚያምረው። በዐይን ብቻ የሚያነብ ሰው ግማሹን ያጣዋል ብዬ አምናለሁ። ለእሁድ ስብሰባችሁ ከዚህ የተሻለ የለም።

የአቃቂ ልጅ

እኔ ከክሩ ከፋች ጋር ነኝ። ምክንያቴ የሰፈር ነው።

እኛ አቃቂ ያለነው አሮጌውን ሐዲድ እያየን ነው ያደግነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ገብረ ሕይወት የባቡሩ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተዋል፣ ድሬዳዋም ነጋድራስ፣ ማለት የንግድና የቀረጥ ሹም፣ ነበሩ። ስለ ቀረጥና ስለ ንግድ ሲጽፉ ከመጽሐፍ ቀድተው አይደለም። ዕቃ ሲወጣና ሲገባ፣ ሸክም ሲፈተሽ፣ ነጋዴ ሲጉላላ በዐይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። አቃቂ ጣቢያ ላይ ያለፈው ፉርጎ ምን ይዞ ወጣ፣ ምን ይዞ ተመለሰ? መጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከባድ ነው የምትለው እንጦጦ ሥር፣ እውነትሽን ነው። ግን እኮ አንድ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ከባድ ቢሆን ነው የሚሻለው። ቀላሉን ሁሉም ቤቱ ያነበዋል።

ጡረተኛው መምህር ከለገጣፎ

ልጆቼ፣ ይህን ውይይት በማየቴ ደስታዬ ትልቅ ነው። ወደ ምርጫው ከመግባታችሁ በፊት ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ዝርዝር ስታወጡ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. በግልጽ ጻፉ። ጦቢያ አንዱ ቦታ 1900፣ ሌላው ቦታ 1908 ተብሎ ይገኛል። ሁለቱም ልክ ነው። ተማሪዎች ግን ሁለት ጊዜ የታተመ እየመሰላቸው ሲጽፉ አይቻለሁ። ገብረ ሕይወትም እንደዚያው፣ 1916 ዓ.ም. እና 1924 እ.ኤ.አ. አንድ ናቸው።

ሁለተኛው ስለ ማተሚያ ነው። ይህን ሳናውቅ የዘመኑን መጻሕፍት አናውቃቸውም። ጦቢያ ለምን ሮም ታተመ? የአለቃ ታየ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» በ1914 ዓ.ም. ለምን አሥመራ ታተመ? የግእዝ ፊደል የተቀረጸለት ማተሚያ እዚያ ስለነበረ ነው። ሮም ከጥንት ጀምሮ አላት። መዝሙረ ዳዊት በእኛ ፊደል እዚያ የታተመው በ1513 እ.ኤ.አ. ነው። የስዊድን ሚሲዮን ደግሞ መጀመሪያ ምፅዋ አጠገብ ምንኩሉ፣ ኋላ አሥመራ ማተሚያ ነበረው። አዲስ አበባ ግን ዘገየች። «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ ነበር የሚጻፈው። ካቫዲያስ የሚባል ግሪካዊ ነው ያዘጋጅ የነበረው፣ ስሙን ምኒልክ አወጡለት፣ ቅጂው 24 ነበር ይባላል። 24 ቅጂ! ቤተ መንግሥትና መኳንንት ቤት ገብቶ የሚያልቅ ነው።

ነገሩ የተለወጠው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የራሳቸውን ማተሚያ በ1914 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ነው። ብርሃንና ሰላም ነው። በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደራሲ ሆኖ ጽሑፍ ለማሳተም ባሕር መሻገር ቀረ። ግን ልብ በሉ፣ ማተሚያው የአልጋ ወራሹ ነው። የአልጋ ወራሹን ሐሳብ የሚደግፍ ቶሎ ይታተማል። ብዙ የጋዜጣው ግጥም ውዳሴ የሆነው ለዚህ ነው። የዘመኑን ጽሑፍ ስታነቡ «ይህን ያሳተመው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የማስቀድመው ጥያቄ ይህ ነበር።

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የማተሚያውን ነገር እሁድ መግቢያ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ዓመቱንም በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ኮዬ ፈጬ 12

እኔ የምጠይቀው አለኝ፣ ማንንም ለማስቀየም አይደለም። አፈወርቅን የምናነበው በምን አንጀታችን ነው? ሰውየው በወረራው ጊዜ ከጣሊያን ጋር ቆመ። «አፈ ቄሣር» ተባለ። ከነጻነት በኋላ ተፈርዶበት ጅማ ተግዞ እዚያው ሞተ። አያቴ አርበኛ ነበሩ። እኔ የባንዳ መጽሐፍ ኮሚናል ውስጥ ሰብሰብ ብሎ ማንበብ ይከብደኛል። ደራሲው ብላቴን ጌታ ኅሩይ በስደት እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ሲሞቱ፣ አፈወርቅ ከወራሪው ጋር ነበር። ይህ ልዩነት በአንባቢ ዘንድ ቦታ የለውም?

እንጦጦ ሥር

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። የኔም ቤተሰብ በዚያ ዘመን ያለቀበት አለው። ግን እንዲህ አስበው። ጦቢያ የታተመው ከወረራው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ አንድ መልክ ብቻ የለውም። በ1908 እ.ኤ.አ. አበሻ አገር ለሚሄድ መንገደኛ በፈረንሳይኛና በአማርኛ የንግግር መማሪያ አሳተመ። እዚያ ውስጥ ያለው ጭውውት የምኒልክን አገር አስተዳደር ክፉኛ ይተቻል። ወታደሩ ገበሬውን እንደሚዘርፍ ይናገራል። በዓመቱ በ1901 ዓ.ም. (1909 እ.ኤ.አ.) ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚል የንጉሡን ታሪክ አሳተመ። እዚህ ውዳሴው ሌላ ነው። ያ ሁሉ በአንድ እጅ፣ በአንድ ዓመት ልዩነት! እኔ ይህን ሰው ማወቅ የምፈልገው ስለምወደው አይደለም። የተማረ ሰው ከሥልጣን ጋር ሲጠጋ ብዕሩ ምን እንደሚሆን ስለሚያሳይ ነው።

የአቃቂ ልጅ

ኮዬ፣ ለጥያቄህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። አፈወርቅን በዘመኑ ፊት ለፊት የተቸው ማን መሰለህ? ገብረ ሕይወት ናቸው። በ1912 እ.ኤ.አ. አሥመራ «ብርሃን ይሁን» በተባለው ኅትመት ላይ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽሑፍ አወጡ። እዚያ ላይ የአፈወርቅን የምኒልክ ታሪክ አድልዎ ያለበት ነው ብለው ነቀፉ። ያለፉትን ነገሥታት አዋርዶ አንዱን ከፍ ማድረግ ታሪክ አይባልም ነው ክርክራቸው። ከዚያ ወደ ራሳቸው ሐሳብ ይሻገራሉ። የንጉሡ ኪስና የመንግሥት ገንዘብ ይለያይ ይላሉ። ግብሩ የታወቀ ይሁን ይላሉ። ሕጉ ይጻፍ፣ ጉምሩኩ አንድ ይሁን ይላሉ። ጃፓንንም በምሳሌ ያነሣሉ።

ታዲያ ሁለቱን ጎን ለጎን ብናነብስ? አንድ እሁድ ከአፈወርቅ የምኒልክ ታሪክ ጥቂት ገጽ፣ በሚቀጥለው እሁድ የገብረ ሕይወትን መልስ። ባንዳነቱን ሳንደብቅ፣ መጽሐፉንም ሳንቀብር።

ኮዬ ፈጬ 12

ይህ ይሻላል። እንደዚያ ከሆነ እመጣለሁ። ግን የሕይወት ታሪኩም አብሮ ይነገር። ልጆች ሲሰሙ ጦቢያን ብቻ ሰምተው እንዳይሄዱ።

መምህርት ከሰበታ

እኔ ሰበታ አስተምራለሁ። ሁለት ነገር ይጎድላችኋል።

አንደኛው፣ በዘመኑ የተጻፈው በአማርኛ ብቻ አይደለም። እዚህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ስንኖር ይህን መርሳት የለብንም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉመው በ1891 ዓ.ም. አሳትመዋል፣ ያውም በግእዝ ፊደል። አብራቸው የሠራችው አስቴር ጋኖ ናት። በልጅነቷ ለባርነት የተሸጠች ሴት ናት፣ ጣሊያኖች መርከብ ላይ አስጥለው ለስዊድን ሚሲዮን ሰጧት። የኦሮሞን ዘፈን፣ ተረትና ምሳሌ በቃሏ የምታውቀውን ሰበሰበች። በ1886 ዓ.ም. ምንኩሉ ላይ በታተመው የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ሥራዋ አለ። በትግርኛም ፍስሐ ጊዮርጊስ ዓብየእዝጊ ወደ ጣሊያን ያደረጉትን ጉዞ በ1887 ዓ.ም. ሮም አሳትመዋል። እነዚህ ከጦቢያ ይቀድማሉ። «ከ1900 ጀምሮ» ስትሉ አስቴርን በር ላይ ትታችኋት ገባችሁ ማለት ነው። አንድ እሁድ ለእሷ ስጡ። ተማሪዎቼ ኦሮምኛውን ሊያነቡላችሁ ይችላሉ። ይዣቸው እመጣለሁ።

ሁለተኛው ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። እስካሁን ስማቸው በሞታቸው ብቻ ነው የተነሣው። እንዴት ይሆናል? በዘመኑ ከሳቸው በላይ የጻፈ ማን አለ? በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ቆጥረው አሳተሙ። «ወዳጄ ልቤ» በ1915፣ «የልብ አሳብ» በ1923፣ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በ1924፣ «አዲስ ዓለም» በ1925። ይህን ሁሉ የጻፉት የመንግሥት ሥራ ላይ ሆነው ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ።

«የልብ አሳብ» የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ታሪክ ነው። ሕፃን ልጅ መዳርን ይቃወማል። ክፍል ውስጥ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ስናወራ ሴት ተማሪዎቼ ዛሬም ብዙ የሚናገሩት አላቸው። መጽሐፉ አባታዊ ምክር ይበዛበታል፣ እሱን አልክድም። ግን ክርክሩ የሞተ አይደለም።

እንጦጦ ሥር

እህቴ፣ ስለ አስቴር ጋኖ ያነሣሽው ልቤን ነካኝ። ኅሩይንም እንኳን አነሣሽ። የኛ ሰፈር ሰው ናቸው ማለት ይቻላል። ከመርሐ ቤቴ መጥተው እንጦጦ ራጉኤል ነው የተማሩት። ደብሩ ጋ ለሽርሽር የሚመጣ ወጣት ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል፣ እዚህ ማን እንደተማረ የሚነግረው ግን የለም።

የካ አባዶ ድራማ ክበብ

ትያትሩንስ? እኛ የካ አባዶ ያለን የወጣቶች ክበብ በዚህ ጉዳይ የምንለው አለን።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሚል ትያትር ጽፈዋል። በልጅነታቸው ሩስያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። የተጻፈበት ዓመት ላይ ሰዎች ይለያያሉ። አንዱ 1904 ዓ.ም. አካባቢ ሲል ሌላው 1913 ዓ.ም. ይላል። የመጣበት ምክንያት ግን የታወቀ ነው። ትያትር ታያላችሁ ተብለው ሄደው ያገኙት ዘፈንና ውዝዋዜ ነበር። ትያትር ይህ አይደለም ብለው ቤታቸው ገብተው ጻፉ።

ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ናቸው። የሚናገሩት ግን ስለ ሹመኛው ነው፣ ስለ ጉቦና ስለ ብልሹ አስተዳደር። ቴራስ ሆቴል ውስጥ መኳንንቱ ፊት ቀረበ። መኳንንቱም ራሳቸውን አወቁ። ንግሥት ዘውዲቱ ትያትሩ እንዲታገድ፣ መጽሐፉም እንዲሰበሰብ አዘዙ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ትያትር የሚባል ነገር አልታየም።

እኛን የሚያስቆጨን ይህ ነው። ትምህርት ቤት ስንማር «የመጀመሪያው ትያትር ፋቡላ ነው» ተባልን፣ አለፈ። መታገዱን የነገረን የለም። አንድ ሥራ ለምን እንደታገደ ካልተነገረህ ምኑን አወቅኸው? ክበባችን አንድ ሁለት ትዕይንት አጥንቶ ቱሉ ዲምቱ መጥቶ ሊያሳይ ዝግጁ ነው። መድረክ አያስፈልገንም፣ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ብትገፉልን ይበቃል።

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

ኧረ ደስታውን አልችለውም! ወንበሩን እኛው እንገፋለን። ትያትሩ ካለቀ በኋላ ጋሼ ከለገጣፎ ስለ እገዳው ቢያወያዩን ምን ይላሉ?

ጡረተኛው መምህር ከለገጣፎ

እመጣለሁ። ከፋቡላ በኋላ ያለውን ልናገር። ትያትሩ ተመልሶ የተነሣው በተማሪ ቤት ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተማሪ ቤት መምህር ነበሩ። ከጎጃም፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡ የቅኔ ሊቅ ናቸው። ተማሪዎቻቸውን እያሰለጠኑ ትያትር ያሳዩ ነበር። ቅኔ ያወቀ ሰው መድረክ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ለማየት የሳቸውን ሥራ ጨምሩ። በግጥሙ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ ይሞላል።

እናት ከገላን

እኔ ስለ «አዲስ ዓለም» ልናገር። ልጄ አንብባልኝ ነው የማውቀው። አወቀ የሚባል የተጉለት ልጅ ፈረንሳይ አገር ሄዶ ተምሮ ይመለሳል። አባቱ ሲሞት ተዝካር አላወጣም ይላል። ዘመዱ ሁሉ ይነሣበታል። መጽሐፉ ከልጁ ጋር ነው። ተዝካር ቤት ያፈርሳል፣ ሕያው ያስርባል ነው ነገሩ።

እኔ ግን ለዘመዶቹም ልፍረድ። ተዝካር ምግብ ብቻ አይደለም። ሟች የሚታወስበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ድኻ የሚበላበት ነው። እኛ ከመሀል ከተማ ተነሥተን እዚህ ዳር ስንመጣ ጎረቤት የማያውቀው ሰው ሞቶ አይተናል። ለቀስተኛ እንኳ አልሞላም። እድር እስክናቋቁም ድረስ ስንቱ ቀን አለፈ። ታዲያ «ወጪ ነው፣ ይቅር» ማለት ቀላል ነው፣ የሚተካውስ? ኅሩይ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። እዚህ ላይ ግን ወጪውን አይተው ሰውን የሚያገናኘውን አሳንሰውታል እላለሁ።

መምህርት ከሰበታ

እማማ፣ ይህን ንግግርዎን እሁድ ቱሉ ዲምቱ ላይ መስማት እፈልጋለሁ። ግን ትንሽ ልከራከርዎ ይፍቀዱልኝ። የአወቀ ሐሳብ ሟች አይታሰብ አይደለም። ተበድሮ ድግስ ደግሶ ከዚያ ልጅ እየተራበ መኖር ይቅር ነው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይም ጉዳዩ በካህናት ጉባኤ ይመከርበታል። ኅሩይ ቤተ ክርስቲያን ያደጉ ሰው ናቸው፣ ልማዱን ከውስጥ ሆነው ነው የሚነቅፉት። አውሮፓ ያየ ሁሉ አገሩን ይናቅ አላሉም።

እናት ከገላን

ልጄ፣ ተበድሮ መደገስን እኔም አልደግፍም። ሠርጉም እኮ ዛሬ እንደዚያው ሆኗል። እመጣለሁ፣ እዚያው እንጨርሰዋለን። ታክሲው ከገላን ቅርብ ነው።

ለገሃር መጽሐፍ አዟሪ

መጽሐፉን ከየት ታገኛላችሁ? ለሚለው፦ ጦቢያ፣ የኅሩይ አንዳንድ ሥራዎችና የገብረ ሕይወት መጽሐፍ በድጋሚ ኅትመት ወጥተዋል። አሮጌ መጽሐፍ የምንሸጥ ሰዎች ጋ ጠይቁ፣ ከሌለን እንፈልጋለን። የገብረ ሕይወት ሲመጣ ቶሎ ያልቃል፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ናቸው የሚገዙት። የድሮውን ኅትመት ማየት ለሚፈልግ ወመዘክርና ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ።

የካ አባዶ ድራማ ክበብ

አንድ ነገር ረሳን። በዚያው ዘመን ከመጽሐፍ ውጭ የተቀረጸም አለ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ መኪና ሊማሩ ጀርመን ተልከው እዚያ ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ። ማሲንቆ እየመቱ፣ ሰምና ወርቅ እየቋጠሩ። የዘመኑን አማርኛ በጆሮ መስማት የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር። ከስብሰባው በፊት ሰው እስኪሞላ ብትከፍቱት እንዴት ጥሩ ነበር።

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

ሁላችሁም እንዴት እንደጠቀማችሁኝ። ከጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን እንዲህ ተስማማን። በር ላይ የተሰማ እሸቴ ሸክላ ይከፈታል። በጦቢያ እንጀምራለን፣ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ እንጦጦ ሥር ታነብልናለች። ስለ አፈወርቅ ሕይወት ኮዬ ይናገራል። ቀጥሎ የምኒልክ ታሪኩና የገብረ ሕይወት ትችት ጎን ለጎን። ከዚያ የመምህርቷ ተማሪዎች የአስቴር ጋኖን። ከዚያ «የልብ አሳብ»፣ ከዚያ «አዲስ ዓለም»፣ እማማ ከገላንና መምህርቷ ይከራከራሉ። ፋቡላ ከትዕይንቱ ጋር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ ግን ሰፋ ያለ ጊዜ እንሰጠዋለን። እኔ መጀመሪያ ላይ ይሁን ብዬ ነበር። አሁንም ከሁሉ አስበልጬ የምወደው እሱን ነው፣ በደንብ እንዲነበብ ስለምፈልግ ነው ወደ ኋላ ያደረግሁት።

የአቃቂ ልጅ

ተስማምቻለሁ። የቀረጡን ክፍል እኔ እወስዳለሁ። አባቴ ትራንዚተር ነበር፣ ጉምሩክ ላይ የሠራ ሰው ነው፣ እሱንም ይዤ እመጣለሁ። ገብረ ሕይወት በየኬላው ስለሚከፈለው የጻፉትን ላንብብለትና ምን እንደሚል እንስማ።

ኮዬ ፈጬ 12

ሰዓቱ ስንት ነው? ከኮዬ በእግር ነው የምንመጣው፣ ሦስት ነን።

የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

ዘጠኝ ሰዓት። ኮሚናሉ ከዋናው በር ሲገቡ በስተግራ ነው። መጽሐፍ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የሌለው ከጎኑ ካለው ጋር ያነባል።